ኮሌጅ እየተማራችሁ ሬስቶራንት ልትሠሩ ላሰባችሁ፦ ከቲፑ በፊት ምን ልጠይቅ?

ፎል ሴሚስተር ሊጀመር ሲል ስልኬ ይበዛል። የአክስቴ ልጅ፣ የሰፈር ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቅ እናት "እባክሽ ይቺን ልጅ አንድ ነገር በያት" ብለው ያገናኙኝ ልጅ፣ ሁሉም ጥያቄያቸው አንድ ነው። "ኮሌጅ ልገባ ነው፣ ጎን ለጎን ሰርቨር ሆኜ ልሠራ አስቤያለሁ፣ የት ይሻለኛል?" ትንፋሽ ሳይወስዱም "ቲፕ ጥሩ የሆነው የት ነው?" ይከተላል። እኔ ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) አሌክሳንድሪያ ካምፓስ ስማር ጀምሬ፣ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ከተዛወርኩም በኋላ ራሴን የቻልኩት በሰርቨርነት፣ ማለትም በአስተናጋጅነት ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግመው አንዴ ልጻፈው አልኩ። የምጽፈው ስለ ቨርጂኒያ፣ ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ስለሆነ ሌላ ስቴት ያላችሁ የደመወዙን ነገር የራሳችሁን ስቴት እዩ። ሰዓቱም ዓመተ ምሕረቱም በፈረንጅ ነው፣ እንዳትደናገሩ።

እኔ ከቲፑ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ ነው የምለው። ቤቱ የሚዘጋው ስንት ሰዓት ነው? ስኬጁል የሚያወጣውን ሰው "በዚህ ቀን አልችልም" ማለትስ ይቻላል ወይ? ለተማሪ ሥራ የሚመረጠው በነዚህ ሁለቱ ነው። ቲፑ ከነሱ ቀጥሎ ይታያል።

አንድ ማሳሰቢያ ግን ላስቀድም። በኤፍ-ዋን የተማሪ ቪዛ ከአገር ቤት የመጣችሁ ከሆነ የቀረው ምክሬ ለናንተ አይሆንም። ያለ ፈቃድ ከካምፓስ ውጭ መሥራት ስታተሳችሁን ያበላሻል። "በካሽ ነው፣ ማን ያውቃል" የሚላችሁ ሰው ዘመድ ቢሆንም አትስሙት። ለናንተ የተፈቀደው ካምፓስ ውስጥ፣ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። የካምፓስ ካፍቴሪያ እዚያ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል የኢንተርናሽናል ተማሪዎችን ጉዳይ የሚያየው ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ወደ ደመወዙ ልምጣ። ቁጥሩን መጀመሪያ ስትሰሙ መደንገጣችሁ አይቀርም። ቨርጂኒያ ውስጥ አሠሪው ለሰርቨር በሰዓት የሚከፍለው 2.13 ዶላር ሊሆን ይችላል። የፌዴራሉ ቁጥር ነው፣ ከ1991 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ቀሪውን ደንበኛው በቲፕ ይሙላው ነው ነገሩ። ብዙ ልጆች የማያውቁት ግን 2.13ቱና ቲፑ ተደምረው የስቴቱን ዝቅተኛ ደመወዝ ካልሞሉ ልዩነቱን መሙላት ያለበት አሠሪው መሆኑን ነው። የቨርጂኒያ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2025 በሰዓት 12.41 ዶላር ነበር፣ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 12.77 ሆኗል። ሜሪላንድ 15 ዶላር ነው፣ ከዚያ ውስጥ ለሰርቨር በቀጥታ የሚከፈለው ቢያንስ 3.63 ሲሆን ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ 4 ዶላር ነው። ዲሲ ላይ ሕዝቡ በ2022 ድምፅ ሰጥቶ ይሄ የሰርቨር ደመወዝ የሚባል ነገር ቀስ በቀስ ከመደበኛው ጋር እንዲስተካከል ወስኖ ነበር። 10 ዶላር ላይ ከደረሰ በኋላ በ2025 የከተማው ምክር ቤት አካሄዱን አዘገየው።

እንደ ቁጥሩ ከሆነ ወንዙን ተሻግሮ ዲሲ መሥራት ይሻላል ማለት ነው። ነገር ግን ብዙ የዲሲ ቤቶች ሂሳቡ ላይ ሰርቪስ ቻርጅ መጨመር ጀምረዋል። እሱ በሕግ የቤቱ ገንዘብ እንጂ የናንተ ቲፕ አይደለም። ደንበኛው ደግሞ 20 በመቶ አይቶ "ከፍያለሁ" ብሎ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ቤት ከገባችሁ ከዚያ ላይ ለሰርቨር የሚደርሰው ስንት እንደሆነ ሳታፍሩ ጠይቁ።

ሐበሻ ቤት ወይስ ፈረንጅ ቤት? ሁለቱንም ሠርቻለሁ። ሐበሻ ቤት መግባት ቀላል ነው። ኮሎምቢያ ፓይክ ወይም ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ ካሉት አንዱ ጋ ገብታችሁ "ሰው ትፈልጋላችሁ?" ብትሉ ይበቃል። ብዙ ጊዜም እናታችሁን ወይም አጎታችሁን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። እንግሊዝኛው ገና ላልተቃናለት አዲስ ገቢ ጥሩ መነሻ ነው። በልታችሁ ትሠራላችሁ፣ ሌሊት ሲዘጋ ቤታችሁ ድረስ የሚያደርሳችሁ አለ፣ ጉንፋን ይዞኛል ስትሉ ሾርባ አስይዘው ይሸኟችኋል። ፈረንጅ ቤት ይሄን አታገኙትም፣ እውነቱን ለመናገር።

ገንዘቡ ላይ ስንመጣ ግን የሰርቨር ገቢ የሚወሰነው በአንድ ምሽት ያው ጠረጴዛ ላይ ስንት ዙር ሰው እንደሚቀመጥ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ከተቀመጠ ተቀመጠ ነው። ለአራት ሰው ሁለት በያይነቱ ይታዘዛል፣ ተበልቶ ሲያልቅ ቡና ይፈላ ይባላል፣ አቦሉ ላይ ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ይጀመርና በረካው ላይም አልተቋጨም። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ተያዘ። ሂሳቡ ሰባ ዶላር፣ ቲፑ ስምንት ወይም ዐሥር። እኔም ደንበኛ ሆኜ ስሄድ እንደዚያው ነኝ፣ ስለዚህ ማንንም አልወቅስም።

ሂሳብ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። አንድ ቅዳሜ ማታ ሁለት ጋሼዎች እላዬ ላይ ተጣሉ። አንደኛው ካርዱን እጄ ላይ ሊያስጨብጠኝ ሲታገል ሁለተኛው ክንዴን ይዞ "በእናትሽ እንዳትቀበይው!" ይለኛል። "እኔ ልሙት፣ ዛሬ የኔ ነው!" "ባለፈውም አንተ ነህ የከፈልከው፣ አታፍርም እንዴ!" በመሃል ሂሳቡ ያለበት ጥቁር ማህደር ተንሸራቶ የተረፈው ሽሮ ላይ ዐረፈ። ሦስት ጠረጴዛ እጁን እያውለበለበ እየጠራኝ ነው። ለቆየ ሰርቨር ዘዴው ይታወቃል። ገና ምግብ ሳይታዘዝ እጅ መታጠቢያ የሚሄድ መስሎ ካርዱን ቀድሞ ያስጨበጣችሁ ሰው ካለ የሱን ትመታላችሁ፣ ከሌለ በዕድሜ የሚበልጠውን። የተሸነፈውም ንዴቱን የሚወጣው በቲፕ ነው። ሃያ ዶላር አጣጥፎ መዳፋችሁ ውስጥ ያደርግላችኋል። ስለዚህ ጠቡን አትጥሉት።

የጾሙን ነገር ደግሞ ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ክትፎና ጥብስ አዛዡ ይጠፋል። ለ55 ቀን ያህል የአርብና የቅዳሜ ማታው ይቀዘቅዛል፣ ባለቤቶቹም ሰርቨር ይቀንሳሉ። ይሄ የሚውለው ስፕሪንግ ሴሚስተር መሃል፣ ለሳመር ክላስ የምታጠራቅሙበት ወቅት ላይ ነው። የፈረንጅ ደንበኛ የሚበዛባቸው ቤቶች፣ ለምሳሌ ዲሲ ዩ ስትሪት በኩል ያሉት፣ ያን ያህል አይጎዱም። ፈረንጁ የጾም ምግባችንን ዓመቱን ሙሉ ስለሚወደው ነው።

ይሄ ሁሉ ግን የሚቻል ነው። እኔን ከሐበሻ ቤት ያስወጣኝ ይሉኝታ ነው። የቤቱን ባለቤት እትዬ ነበር የምንላቸው። ስኬጁል የሚባል ወረቀት አልነበረም፣ ሁሉ ነገር በስልክ ነው። ማክሰኞ ማታ ለስታትስቲክስ ፈተና ላጠና ቁጭ ስል ስልኬ ይጮኻል። "የኔ ልጅ፣ ልጅቷ ቀርታብኝ ነው፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ ድረሽልኝ።" እናቴን ያውቋታል፣ ገና ትሪ መያዝ ሳልችል ሥራ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፣ ምን ብዬ እንቢ ልበል? ሁለት ሰዓቱ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሆኖ አያውቅም። እትዬ ክፉ ሴት ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር፣ ክፉ ሰው እንቢ ማለት አይከብድም። ደግ ናቸው፣ ችግሩም እሱ ነው።

ቀጥዬ የሄድኩት በየስቴቱ ቅርንጫፍ ካላቸው ትልልቅ የፈረንጅ ሬስቶራንቶች ወደ አንዱ፣ እራት ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ስኬጁሉ በአፕ ይወጣል፣ ሺፍት መቀያየር የሚቻለው በአፕ ነው፣ ማናጀሯ የእናቴን ስም አታውቅም። በዚህ በኩል ተገላገልኩ። ከዚያ ቲፕ አውት የሚባለውን ተማርኩ። በዚያ ምሽት ከሸጣችሁት ላይ በመቶኛ ተሰልቶ ለባርቴንደሩ፣ ሳህን ለሚያነሳው ባሰር፣ በር ላይ ለምትቆመው ሆስት ይሰጣል። ልብ በሉ፣ በብዙ ቤት የሚሰላው ከቲፑ ሳይሆን ከሽያጩ ነው። ቤቱ 4 በመቶ የሚያስከፍል ከሆነና 200 ዶላር የበላ ጠረጴዛ ሰባራ ሳንቲም ሳይተው ከሄደ፣ ሌላው ጠረጴዛ ከሰጣችሁ ላይ 8 ዶላር አንሥታችሁ ትከፍላላችሁ። እነዚያን ሰዎች ያስተናገዳችኋቸው በኪሳራ ነው ማለት ነው።

ሳይድ ወርክም አለ። ሹካና ቢላ በናፕኪን መጠቅለል፣ ኬቻፕ መሙላት፣ የሻይ ማሽኑን ማጠብ፣ ወንበር ማንሣት፣ ከጠረጴዛ ሥር መጥረግ። ደንበኛ የለ፣ ቲፕ የለ፣ ሰዓቱ ግን ይሄዳል። 10 ሰዓት የሚዘጋ ቤት 10 ሰዓት ያስወጣኛል ብላችሁ አታስቡ። 9፡50 ላይ ስድስት ሰው ሳቅ እያለ ይገባል፣ አፒታይዘር ያዛል፣ እናንተም ፈገግ ትላላችሁ። ሥራው ቀዝቀዝ ሲል ቀድመው ካት የሚደረጉት፣ ማለትም ወደ ቤት የሚሸኙት፣ ቆየት ያሉት ናቸው፣ እስከ መጨረሻው ቆይቶ ክሎዝ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ አዲስ ገቢ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ዳሽ አውቶቡስ ከ2021 ጀምሮ ነፃ ነው፣ ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው። ግን የመጨረሻው አውቶቡስ ካመለጣችሁ ነፃነቱ ምን ያደርግላችኋል? ኡበር ትጠራላችሁ፣ የአንድ ጥሩ ጠረጴዛ ቲፕ እዚያ ገባ። በማግስቱ 8 ሰዓት የባዮሎጂ ላብ አለ።

አሁን የምሠራው ቁርስና ምሳ ብቻ የሚያቀርብ ቤት ነው። ጠዋት 7 ይከፈታል፣ ከሰዓት 3 ይዘጋል። እንቁላል፣ ፓንኬክ፣ የማያልቅ ቡና። አንድ ሰው የሚበላው የእራቱን ግማሽ ቢሆን ነው፣ ነገር ግን አርባ ደቂቃ ሳይሞላ በልቶ ይነሣል፣ በር ላይ ደግሞ ወረፋ አለ። አልኮል እምብዛም ስለማይሸጥ የሚሰክር ሰው የለም። (ቨርጂኒያ መጠጥ ለማቅረብ 18 ዓመት ከሞላችሁ ይበቃል፣ ባርቴንደር ለመሆን ግን 21 ነው። እራት ቤት ስታመለክቱ ይጠይቋችኋል።)

ሒሳቡን እንሥራው፣ ለምሳሌ ያህል። እራት ላይ በአንድ ምሽት 800 ዶላር ሸጣችሁ እንበል። ቲፑ በ18 በመቶ 144 ዶላር ይሆናል። ቲፕ አውቱ 4 በመቶ ከሆነ 32 ይሄዳል፣ 112 ይቀራል። ሰባት ሰዓት በ2.13 ሲባዛ 15 ዶላር ገደማ ስለሆነ በድምሩ 127 ይመጣል። መንገዱ ደርሶ መልስ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ 127ቱን ለስምንት ሰዓት ተኩል አካፍሉት፦ በሰዓት ወደ 15 ዶላር። አሁን ቁርሱን እዩ። 500 ሸጣችሁ፣ ቲፑ 90፣ ቲፕ አውት 3 በመቶ 15፣ የቀረው 75። አምስት ሰዓት በ2.13 ሲጨመር ወደ 86 ዶላር። መንገዱ ቀን ስለሆነ አንድ ሰዓት ይበቃል፣ ለስድስት ሲካፈል 14 ዶላር ከምናምን። በሰዓት ያለው ልዩነት አንድ ዶላር አይሞላም። በእርግጥ የእራቱ ጠቅላላ ገንዘብ ይበልጣል፣ የቤት ኪራይ ብቻችሁን የምትከፍሉ ከሆነ እሱን መምረጥ ግድ ሊሆን ይችላል፣ አልከራከርም። እኔ የመረጥኩት 3፡30 ላይ ቤቴ ገብቼ፣ ተጣጥቤ፣ መጽሐፍ መክፈት የምችልበትን ነው። ከእራት ሺፍት በኋላ ያጠና ሰው ካለ ይንገረኝ።

የቁርስ ቤት ችግሩ እሑድ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጥሩ ገንዘብ የሚሠራበት ቀን ቅዳሜና እሑድ ረፋዱ ነው፣ እሑድ ጠዋት ደግሞ ቅዳሴ አለ። እናቴ የነገርኳት ዕለት ሻይዋን አስቀምጣ "ቅዳሴ ትተሽ ለፈረንጅ እንቁላል ልታመላልሺ ነው?" አለችኝ። ምን እመልሳለሁ። ማናጀሩን አነጋግሬ አንዱን እሑድ እየሠራሁ አንዱን እንድቀር ተስማማን፣ በምትኩ ማንም የማይፈልገውን ሰኞ ጠዋት ወሰድኩ። እናቴ እስካሁን አልተቀበለችውም። አንዲት ሙስሊም ጓደኛዬ ደግሞ ረመዳን በገባ ቁጥር የማታውን ወደ ጠዋት ትቀይራለች። ኢፍጣር ሰዓት ላይ የሰው ሳህን ተሸክሞ መቆም ከባድ ነው ትላለች፣ የአፕል ኬኩን ሽታ ስትነግረኝ እኔም ራበኝ። እንዲህ ያለ ነገር ካላችሁ የምትናገሩት ከመቀጠራችሁ በፊት ነው። ከገቡ በኋላ ሲነሣ ማማረር ይመስላል።

ቤት ስትመርጡ መጀመሪያ ደንበኛ ሆናችሁ ሂዱ። አንድ ቡና አዛችሁ ቁጭ በሉ። ማክሰኞም ቅዳሜም እዩት፣ ማክሰኞ ባዶ የሆነ ቤት ከቅዳሜ ሌላ ቀን ሺፍት አይሰጣችሁም። ሰርቨሮቹ እርስ በርስ ሳህን ይሸካከማሉ ወይስ ሁሉም የራሱን ብቻ ነው የሚያየው? ማናጀሩ ሲበዛበት ወጥቶ ይረዳል ወይስ ከኋላ ሆኖ ይጮኻል? ያስተናገደቻችሁን ልጅ "እዚህ ቤት ቆየሽ?" በሏት። ሁሉም "ገና ሁለት ሳምንቴ ነው" የሚሉበት ቤት ከሆነ ቡናችሁን ጨርሳችሁ ውጡ። ለማመልከት ስትመለሱ ምሳ ወይም እራት ሲያፋጥጥ አትሂዱ። ከሰዓት በ2 እና በ4 መካከል ቤቱ ይረግባል፣ ማናጀሩ ሊያናግራችሁ ጊዜ አለው።

ኢንተርቪው ላይ እኔ የክላስ ስኬጁሌን ፕሪንት አድርጌ ይዤ ነው የገባሁት። አሁን ያለሁበት ቤት ማናጀር ወረቀቱን ተቀብሎ ረቡዕና ሐሙስን በእስክሪብቶ ከበበና "እነዚህን አልነካብሽም፣ ሴሚስተሩ ሲቀየር አዲሱን አምጪልኝ" አለኝ። ከዚያ በፊት ያነጋገረኝ ሌላ ቤት ደግሞ ወረቀቱን ሳያየው "እኛ ጋ ሁሉም ፍሌክሲብል ነው መሆን ያለበት" ብሎ መለሰልኝ። ፍሌክሲብል የምሆነው እኔ እንደሆንኩ ገባኝ፣ አልተመለስኩም። ስኬጁሉ ከስንት ቀን በፊት እንደሚወጣ፣ የፈተና ሳምንት ሰዓት መቀነስ ይቻል እንደሆነ፣ ቲፕ አውቱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ቲፑ ለየብቻ ነው ወይስ ተሰብስቦ ይካፈላል፣ የካርድ ቲፕ በየማታው በካሽ ይሰጣል ወይስ ከቼክ ጋር ይመጣል፣ እነዚህን ጠይቁ። በደስታ የሚመልስ ቤት አለ፣ የሚቆጣም አለ። መልሱን የሚነግራችሁ ቁጣው ነው።

ከሕጉ ደግሞ ቢያንስ እነዚህን ያዙ። ትሬኒንግ ሥራ ነው፣ ይከፈላል። "አንድ ሳምንት እያየሽ ተማሪ፣ ከዚያ እንነጋገራለን" ተብሎ በነፃ ማሠራት የለም፣ በተለይ በዘመድ በኩል ስትገቡ ይሄ ይመጣልና አስቡበት። ባለቤትም ማናጀርም የሰርቨርን ቲፕ መውሰድ አይችልም፣ በ2018 በወጣ የፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። ሳይከፍል የጠፋ ደንበኛ ሂሳብ ወይም የተሰበረ ብርጭቆ በ2.13 ከሚሠራ ሰርቨር ላይ አይቆረጥም። እኔ አንድ ቤት ውስጥ የጠፋ ደንበኛ ሂሳብ ከቲፔ ሊቆረጥ ሲል የሌበር ዲፓርትመንቱን ወረቀት ስልኬ ላይ ከፍቼ በትሕትና አሳየሁ፣ ነገሩ እዚያው አለቀ። በትሕትና ያልኩት አለምክንያት አይደለም፣ በማግስቱም እዚያው ነው የምትሠሩት።

ስንት ሰዓት ይሠራ ለሚለው፣ 12 ክሬዲት ለያዘ ሰው ከ15 እስከ 20 ሰዓት ይበቃል ባይ ነኝ። ነርሲንግ ወይም ኢንጂነሪንግ ከሆነ ከዚያም ያነሰ። ማናጀሮች ጎበዝ ሰርቨር ሲያገኙ ሰዓት መጨመር ይወዳሉ፣ ገንዘቡም ያጓጓል፣ ክላስ መጣል የሚጀመረው እንደዚያ ነው። ሐበሻ ቤት ለመጀመር የወሰነ ካለም አልከለክልም። ብቻ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ሳትላመዱ፣ የምትችሏቸውን ቀናት በወረቀት ጽፋችሁ ለባለቤቱ ስጡ። አንዲት የክላስ ጓደኛዬ እንደዚያ አድርጋ "ድረሽልኝ" ሲመጣ "ዛሬ ፈተና አለብኝ፣ አርብ ግን ቀደም ብዬ እገባለሁ" ትላለች። መጀመሪያ ላይ አኮረፉባት፣ ከዚያ ለመዱ።

የመጨረሻው የታክስ ነገር ነው። በወር 20 ዶላርና ከዚያ በላይ ቲፕ ካገኛችሁ የካሹንም ጨምራችሁ እስከሚቀጥለው ወር 10ኛው ቀን ድረስ ለአሠሪያችሁ ማሳወቅ አለባችሁ። 2.13 ላይ ያለ ሰርቨር ቼክ ታክስ ተቆርጦለት ባዶ ሊመጣ ይችላል፣ አትደንግጡ፣ ገንዘባችሁን በየማታው ወስዳችሁታል። ከ2025 እስከ 2028 በዓመት እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ቲፕ ከፌዴራል የገቢ ታክስ ላይ መቀነስ ይቻላል፣ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬሩ ተቀናሽ ግን እንዳለ ነው። "ቲፕ ታክስ የለውም ተባለ" ብላችሁ ሳታስመዘግቡ እንዳትቀሩ። አፓርትመንት ስትከራዩ ወይም መኪና በብድር ስትገዙ የሚታየው ደብሊው-ቱ (አሠሪው በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጣችሁ የገቢ ወረቀት) ላይ ያለው ቁጥር ነው። ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ) የምትሞሉ ደግሞ የሚታየው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው ገቢ መሆኑን አትርሱ። ዘንድሮ ብዙ ከሠራችሁ ውጤቱ የሚመጣው ወደፊት ነው። የፌዴራል ዎርክ ስተዲ (በዚሁ እርዳታ በኩል የሚገኝ የተማሪ ሥራ) ተሰጥቷችሁ ከሆነ ያ ገቢ ለፋፍሳው ስሌት አይቆጠርባችሁም፣ ስለዚህ ሬስቶራንት ከመዞራችሁ በፊት የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን ምን ክፍት ቦታ እንዳለ ጠይቁ። ላይብረሪ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ቼክ አውት ማድረግ ቲፕ የለውም፣ ነገር ግን ሰው ሳይበዛ የቤት ሥራ ይሠራበታል።